አሊና ታይሰን ቢገጥሙስ? ክርክሩን ሳያበላሹ መያዣ መንገድ

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንዲት ሻይ ቤት አለች፣ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የኛ ናት፣ እዛች ጠረጴዛ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ እየተነሳ እየወደቀ ነው፦ ማይክ ታይሰን በደህና ጊዜው መሐመድ አሊን በደህና ጊዜው ቦክስ ሪንግ ላይ ቢያገኘው ማን ይወድቅ ነበር? ፋሲል ከነማ ያሸነፈ ቀን ወሬው ኳስ ነው፣ የተሸነፈ ቀን ግን ኳስ ያነሳ ሰው የሁሉንም ሂሳብ ይከፍላል ስለተባለ ቦክስ ላይ እንሄዳለን። ሰሞኑን ቦክስ በጣም አውርተናል፣ ሌላ አልናገርም።

ክርክሩ ሁሌ ሚያልቀው "አንተ ደሞ ምን ታውቃለህ" በሚል ነበር። አንድ ማታ ግን ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ሳዳምጥ የገባኝ ነገር፣ አንደኛው ጓደኛችን አሊ ሲል ዓይኑ ላይ ሚመጣበት የ1966ቱ ነው፣ በእግር ጣቱ ሚደንሰውና ማንም ሚነካው ያጣው፣ ሌላኛው ደሞ እየነቀፈ ያለው በ1980 ላሪ ሆልምስ 10 ዙር ሙሉ ሲወቅጠው ውሎ አሰልጣኙ ያስቆመለትን አሊ ነው (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ)። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሁለት የተለያየ ሰውዬ ነበር ሚጯጯሁት። ከዛ ወዲህ ሥርዓት አወጣን፣ እሱን ነው እዚህ ምጽፈው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ቦክስ ላይ "ማን ይበልጣል" ብሎ መጠየቅ ክርክሩን ይገድለዋል፣ "ማን ለማን አይመችም" ብሎ መጠየቅ ነው ሚያስኬደው። ኳስ ላይ እኮ እናውቀዋለን፣ ደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ሆኖ ለኛ ሁሌ ማይመቸን ቡድን አለ አይደል።

1. ስም ሳይሆን ቀን ምረጡ

"አሊ" ሚባል ቦክሰኛ የለም በሉ። ኖቬምበር 14 1966 ሂዩስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3 ዙር የጨረሰው አሊ አለ። ከዛ በ1967 ለጦርነት አልመለመልም ብሎ የዓለም ቻምፒዮን ቀበቶውን ተነጠቀ፣ 3 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ሪንግ ሳይረግጥ ቆይቶ ሲመለስ እግሩ ያ እግር አልነበረም፣ ያጣውን በጭንቅላቱና ዱላ በመቻል ነው የተካው። ስለዚህ የ1974ቱ፣ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን የጣለው አሊ ሌላ ሰው ነው፣ ዘዴው ሌላ፣ አቅሙ ሌላ።

ታይሰንም እንደዛው። ጁን 27 1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ያነጠፈው ልጅ አለ፣ ጭንቅላቱ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ግራ ቀኝ ሚወዛወዝ፣ ከያንዳንዱ ቡጢው በኋላ ቦታው ላይ ማታገኙት። አሳዳጊው አሰልጣኝ ከስ ዳማቶ በ1985 ሞተ፣ ሥራውን ያስቀጠለው ኬቨን ሩኒ ደሞ በዛው በ1988 ተባረረ፣ ከዛ በኋላ ጭንቅላቱ ቀስ በቀስ መቆም ጀመረ፣ አንድ አንድ ቡጢ እየፈለገ ሚያባርር ሆነ። ፌብሩዋሪ 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ሲዘርረው ያየነው ያንን ነው። በ2002 ሌኖክስ ሉዊስ የጣለው ደሞ 36 ሊሞላው ሳምንታት የቀሩት፣ እስር ቤት ገብቶ የወጣ፣ ሌላ ሰው ነው። እና "ሉዊስ እኮ አሸንፎታል" ብሎ ክርክሩን ሊዘጋ ሚመጣ ካለ "የትኛውን ታይሰን?" በሉት።

ለታይሰን ቲፎዞዎች ግን አላዝንላቸውም፣ ምክንያቱም ቶኪዮ ላይ ሲወድቅ ገና 23 ዓመቱ ነበር፣ "አርጅቶ ነው" አይባልም።

እዚህ ላይ ያወጣነው ሕግ፦ ማዳቀል ክልክል ነው። የ66ቱን እግር ከ74ቱ አገጭ ጋር ገጥሞ ሚያመጣ ሰው ተራውን ያጣል። አንድ ቀን ይመረጣል፣ ይጻፋል፣ በቃ።

2. ሕጉን ወረቀት ላይ አስፍሩ

ይሄን የተማርኩት በሰባት ማኪያቶ ነው። የ50ዎቹን ቻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖን ከዘመናችን ዩክሬናዊ ኡሲክ ጋር አጋጠምን፣ እኔ የማርሲያኖ ጠበቃ ነኝ፣ እንዴት እየተመታ እንደሚገባ፣ ክንዱን ሳይቀር እየደበደበ እንዴት እንደሚያደክም፣ አሳምሬ ተናግሬ "በ13ኛው ዙር ያገኘዋል" ብዬ ጨረስኩ። ተቃራኒዬ ስኳሩን እያማሰለ ረጋ ብሎ "ለመሆኑ ስንት ዙር ነው ሚዋጉት?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ከፈልኩ።

ግን ጥያቄው እኮ ቀልድ አይደለም። ማርሲያኖ ራሱ ሴፕቴምበር 1952 ጀርሲ ጆ ዋልኮትን ሲገጥም በነጥብ እየተመራ ነበር፣ በ13ኛው ዙር በአንድ አጭር ቀኝ ነው የዘረረው። በዛሬው 12 ዙር ቢሆን ዋልኮት ቀበቶውን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ጆ ሉዊስም በ1941 ቢሊ ኮንን ያገኘው በ13ኛው ነው። ሹገር ሬይ ሊዮናርድ በ1981 ቶማስ ሂርንስን ያስቆመው በ14ኛው፣ እሱም በዳኞች ወረቀት ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ። ሦስቱንም በ12 ዙር አስቡት፣ ሌላ ታሪክ ነው። ዙሩ የተቀነሰው ደሞ እንዲሁ አይደለም፣ በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ላስ ቬጋስ ላይ ከማንቺኒ ጋር 14ኛው ዙር ላይ ወድቆ በቀናት ውስጥ ሞተ፣ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት (ደብሊውቢሲ) ከ1983 ጀምሮ 12 አደረገው፣ ሌሎቹም ቆይተው ተከተሉ።

ሌላው ኪሎ ነው። ማርሲያኖ ሚዋጋው ወደ 84 ኪሎ ሆኖ ነው፣ ዛሬ ከባድ ሚዛን ሚባለው ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው፣ ስለዚህ ልጁን ዛሬ ብታመጡት ክሩዘር ሚዛን ላይ ነው ሚመደበው። "በራሱ ኪሎ ይምጣ ወይስ ዛሬ ተወልዶ ዛሬ ተቀልቦ ይምጣ" ሚለውን ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትጣላላችሁ። ጓንቱንም ዳኛውንም ጻፉ፣ በተለይ ዳኛውን፣ ማቀፍ (እንዳይመታ ተጠግቶ ሰውየውን መያዝ) ሚፈቅድ ዳኛ ነው ማይፈቅድ? ኋላ ላይ ታይሰን ጋ ስንደርስ ለምን እንዳልኩ ታዩታላችሁ።

3. ቦክሰኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹት

ስታይል ሚባለውን ነገር ሰው ያከብደዋል፣ እኛ በአራት ነው ምንከፍለው። ርቆ ሚዋጋ አለ፣ ረጅም ዱላ ይዞ ውሻ እንደሚከላከል ሰው፣ በጃብና (በፊት እጅ ቀጥ ብሎ ሚወረወር ቡጢ) በእግሩ ነው ሚኖረው፣ አሊና ሆልምስ እዚህ ናቸው። ገብቶ ሚያጨናንቅ አለ፣ አየር ማይሰጥ፣ ደረታችሁ ላይ ሚተኛ፣ ጆ ፍሬዘር፣ ማርሲያኖ፣ ቻቬዝ። መዶሻ ሚባለው አለ፣ ለመምታት ሚቸኩል ሳይሆን አንዴ ካገኘ ሚበቃው፣ ፎርማን፣ ኤርኒ ሼቨርስ፣ ዋይልደር። እና ጠብቆ ሚመልስ አለ፣ አንተ ስትሳሳት ሚከፈለው፣ ሜይዌዘርና ማርኬዝ። ታይሰን የቱ ነው? ገብቶ ሚያጨናንቅ ይመስላል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ፍሬዘር 15 ዙር ሙሉ ይፈጫል፣ ታይሰን ሚፈልገው መጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነው።

ግራኝ ከሆነ እሱንም ለብቻ ጻፉ፣ ፓኪያው፣ ኡሲክ። (ጎንደር ላይ ግራኝ ስትሉ ሽማግሌ ካለ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄድባችኋል፣ ስለ እጅ ነው ማወራው በሉ።) ግራኝ ከቀኝ ጋር ሲገጥም የፊት እግራቸው ይጋጠማል፣ እግሩን ከውጭ በኩል ያሳረፈው የኋላ እጁ መንገድ ይከፈትለታል። ኡሲክ በሜይ 2024 ሪያድ ላይ በ15 ሳንቲም ሚበልጠውን እንግሊዛዊ ፉሪን ሲያሸንፍ እሱ የእግር ነገር ብዙ ሥራ ሠርቷል፣ ዲሴምበር ላይም ደገመው።

4. ሦስት ማዕዘኑን እወቁት፣ ግን አትመኑት

ድሮ ጀምሮ ሚባል ነገር አለ፣ ገብቶ ሚያጨናንቀው ርቆ ሚዋጋውን ያስቸግራል፣ መዶሻው ገብቶ ሚያጨናንቀውን ይሰብራል፣ ርቆ ሚዋጋው መዶሻውን ያሞኛል። ለዚህ ከ70ዎቹ ሦስት ሰዎች የተሻለ ምሳሌ የለም። ማርች 8 1971 ፍሬዘር አሊን 15ኛው ዙር ላይ በግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን ሚመጣ ቡጢ) ጥሎ በነጥብ አሸነፈው። ጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ላይ ፎርማን ያንኑ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ 6 ጊዜ ጣለው። ኦክቶበር 30 1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። እዚህ ላይ ኬን ኖርተንንም ጨምሩት፣ በ1973 የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ፣ በ1974 ፎርማን ፊት ሲቆም ሁለት ዙር እንኳን ሳይሞላ ቀረ። እና "እገሌ እገሌን ካሸነፈ፣ እገሌ ደሞ እሱን ካሸነፈ…" ሚባለው ሂሳብ ቦክስ ላይ አይሠራም፣ ይሄን አራት ስም ብቻ እየቆጠራችሁ አፍ ማዘጋት ትችላላችሁ።

ከነሱ በኪሎ ዝቅ ብሎም አለ፣ ሮቤርቶ ዱራን በጁን 1980 ሊዮናርድን አሸነፈ፣ ሊዮናርድ በ1981 ሂርንስን አስቆመ፣ ሂርንስ በ1984 ዱራንን በሁለት ዙር በፊቱ ደፋው። ክብ ነው፣ መጀመሪያ የለውም መጨረሻ የለውም።

አሁን ለምን አትመኑት አልኩ? አንደኛ፣ አሊ ኪንሻሳ ላይ ርቆ አልተዋጋም እኮ! ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማን እስኪደክም ነው ያስመታው፣ ሙቀቱ፣ የላላው ገመድ፣ የፎርማን ችኮላ ተጨምሮ። ጽንሰ ሐሳቡ "አሊ ያሸንፋል" አለ፣ አሸነፈም፣ በምን እንደሚያሸንፍ ግን ፈጽሞ አላወቀም። ሁለተኛ፣ ሰው ይቀየራል፣ ሊዮናርድ ሞንትሪያል ላይ በእልህ የዱራንን ጨዋታ ሊጫወትለት ገብቶ ተሸነፈ፣ ከአምስት ወር በኋላ ኒው ኦርሊንስ ላይ እየዞረ እየቀለደ ሲዋጋው ዱራን ራሱ 8ኛው ዙር ላይ በቃኝ ብሎ ወጣ። ያው ሁለት ሰው፣ በአምስት ወር ልዩነት። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑ በር መክፈቻ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

5. ክንድ ለኩ፣ በእውነተኛ ሜትር

አሊ ክንዱ 198 ሳንቲም፣ ታይሰን 180። ይሄን ቁጥር ሁላችንም እንጠራዋለን፣ አንድ ቀን ግን አንዱ "18 ሳንቲም ማለት በዓይን ስንት ነው?" አለ፣ ማናችንም አላወቅንም። ተነስተን ከሻይ ቤቱ ሁለት ሱቅ አልፎ በረንዳ ላይ ሲንጀር ሚያስኬዱ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን። "ጋሼ፣ ሜትርዎን ለአምስት ደቂቃ ያውሱን" ስንል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ለኮት ነው ለሱሪ?" አሉ። "ለመሐመድ አሊ" አልናቸው። ዝም ብለው አዩንና ጠመኔውንም ጨምረው ሰጡን።

የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ 150 ምልክት አድርገን ከዛ 48 ጨመርን፣ አሊ፣ ከሱ በታች 150 እና 30፣ ታይሰን። ልዩነቱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ጓደኛችን "አያችሁ! አንድ ስንዝር! አይደርስበትም!" ብሎ ሊፎክር ሲል ጋሼ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ "ክንድ ምትሉት ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ነው አይደል? ታዲያ በሁለቱም እጁ አንድ ላይ ነው እንዴ ሚመታው?" አሉ።

በቃ። ክንድ ሚለካው ሁለቱም እጅ ተዘርግቶ ደረትንም ጨምሮ ነው፣ ስለዚህ 18ቱን ለሁለት ብትከፍሉት በአንድ እጅ 9 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ የመዳፍ ወርድ ያህል። የመዳፍ ወርድ ትንሽ አይደለም፣ አፍንጫ ከመነካትና ካለመነካት በላይ ነው፣ ግን ስንዝር አይደለም። ቁመቱ ላይ ደሞ አሊ 191 ታይሰን 178፣ የ13 ሳንቲም ልዩነት። ኪሎው ግን ሁሉም ሰው ሚሳሳትበት ነው፣ የ1966 አሊ ወደ 96 ኪሎ ነበር፣ የ1988 ታይሰን ወደ 99። አጭሩ ነው ሚከብደው! "ትንሹ ታይሰን" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ንገሩት።

እና ክንድ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ማርሲያኖ ክንዱ ከ175 በታች ሆኖ 49 ተዋግቶ 49 አሸንፏል። መጠየቅ ያለበት "ረጅሙ ሰው በርዝመቱ ይጠቀማል ወይ" ነው፣ ርዝመት ይዞ ጃብ ማይጥል ሰው መሰላል ይዞ መሬት ላይ እንደሚለቅም ሰው ነው።

6. ዙር በዙር አስኬዱት

እዚህ ጋ ነው ክርክሩ ክርክር ሚሆነው፣ ሌላው ሁሉ ዝግጅት ነው። "አሊ ያሸንፋል" አይባልም፣ ደወሉ ተመታ፣ ከዛስ? መሃሉን ማን ያዘ? ማን ወደ የት ዞረ? ምን ቡጢ ማን ላይ አረፈ? እኛ ጠረጴዛ ላይ በስኒ ነው ምናሳየው፣ ሁለት ስኒ እየተዟዟረ፣ የስኳር ዕቃው ዳኛ ነው።

የ1966 አሊንና የ1988 ታይሰንን ላስኬዳችሁ፣ 15 ዙር፣ መሃል ሰፋሪ ዳኛ።

አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ግራው ይዞራል፣ ሁሌም ልማዱ ነው። ወደ ግራ መዞር ከታይሰን ግራ ሁክ ያርቀዋል፣ ይሄ ጥሩ፣ ግን ወደ ታይሰን ቀኝ እጅ ይወስደዋል፣ እና ታይሰን በቀኝ ጎን መትቶ በዛው በቀኝ እጁ አፐርከት (ከታች ወደ አገጭ ሚወጣ ቡጢ) ማስከተል ነው ሚታወቀው። አሊ ቡጢ ሲመጣ ጎንበስ አይልም፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ነው ሚስበው፣ አንድ ቡጢ ሚመታ ሰው ላይ ይሄ ይሠራል፣ ሦስት አራት አከታትሎ እየዘለለ ሚገባ ሰው ላይ ግን ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ያገኘዋል። ለግራ ሁክ ደሞ አሊ ዕዳ አለበት፣ በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በግራ ሁክ 4ኛው ዙር መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል፣ ፍሬዘርም ያገኘው በዛው ነው። የታይሰን ጠበቃ ከሆናችሁ ጉዳያችሁ እዚህ ነው፣ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ዙር፣ ሌላ ቦታ አትሂዱ።

የአሊ ጠበቃ ከሆናችሁ ምታነሱት፣ አንደኛ ሁለቱም ጊዜ ተነስቷል፣ ፍሬዘር ሲጥለው እኮ 15ኛው ዙር ላይ ነው፣ ደክሞ ሞቶ፣ ወዲያው ነው ብድግ ያለው። ሁለተኛ፣ ታይሰንን በ1987 ቦንክረሸር ስሚዝ 12 ዙር ሙሉ አቅፎት ነው የጨረሰው፣ ቶኒ ተከርም እስከ 12 ሄዷል፣ ሁለቱም ተሸንፈዋል ግን ቆመዋል፣ ማለትም ቁመት ያለውና ማቀፍ ሚያውቅ ሰው ታይሰንን ያዘገየዋል። አሊ ደሞ በማቀፍ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በጃንዋሪ 1974 ፍሬዘርን ሁለተኛ ሲገጥመው ማጅራቱን እየያዘ ጨዋታውን ገድሎ በነጥብ ወስዷል። ለዚህ ነው ዳኛውን ጻፉ ያልኩት፣ ማቀፍ ሚቀጣ ዳኛ ከሆነ የአሊ ግማሽ መከላከያ ሄደ። ሦስተኛ፣ የዳግላስን ካሴት እዩ፣ ጃብ፣ ጃብ፣ ቀኝ፣ መጠጋት፣ መግፋት። የዳግላስ ጃብ ያንን ከሠራ የአሊ ጃብ ምን ይሠራል?

"ያ እኮ የ1990ው ታይሰን ነው" ልትሉኝ ነው፣ ልክ ናችሁ፣ ሕግ አንድን ጥሻለሁ፣ እኛም ጠረጴዛ ላይ ያስቀጡኝ በዚሁ ነው።

የኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ አምስተኛው ዙር ካለፈ አሊ ነው፣ ከ10ኛው በኋላ ዳኛው ያስቆመዋል፣ ካላለፈ ታይሰን ነው። አሥር ጊዜ ቢጋጠሙ አራቱን ለታይሰን እሰጣለሁ። ሦስት ነበር ምለው፣ ጋሼ መለኪያውን ካስተካከሉ በኋላ አራት አደረግኩት።

7. "ተጠየቅ!"

የድሮ ሰው ፍርድ ቤት ሳይኖረው ዛፍ ሥር በበላ ልበልሃ ሲሟገት አንዱ "ተጠየቅ" ሲል ሌላው ጥያቄውን ሳይመልስ ወደ ራሱ ነገር አያልፍም ነበር። እኛ ይሄን አመጣነው፣ እና ከሁሉም ሕጎቻችን የሠራው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሰው በክርክሩ አንድ ጊዜ "ተጠየቅ" ማለት ይፈቀድለታል፣ ተጠያቂው ደሞ አንድ ነገር ብቻ ነው ሚመልሰው፦ ያንተ ሰው ሚሸነፈው እንዴት ነው? ማንም አያሸንፈውም ካለ ያኔውኑ ተረታ። ማይሸነፍ ሰው ስለሌለ ብቻ አይደለም፣ የሰውየውን ደካማ ጎን ማያውቅ ሰው ሰውየውን አያውቀውም ማለት ስለሆነ ነው።

አንድ የሜይዌዘር ቀንደኛ ቲፎዞ አለን፣ "50 ለ0" ብቻ ነው ቋንቋው፣ ሜይ 2015 ላይ ፓኪያውን ሲያሸንፍ ሌሊቱን ሙሉ ስልካችንን ያስጮኸ። ተጠየቅ ስንለው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዛ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለና "ገመድ ላይ አስደግፎ፣ ጭንቅላቱን ትቶ ክንዱንና ደረቱን ዝም ብሎ ሚደበድብ፣ ብዙ ቡጢ ሚጥል ሰው… በወጣትነቱ ካስቲዮ በ2002 አስቸግሮታል" አለ። እንደዛ ጥሩ ነገር ሲናገር ሰምተነው አናውቅም ነበር። ከዛ የሱ ሰው ለምን ያንን እንዳለፈው ሲያስረዳ ደሞ አሳመነን።

8. ማስረጃ

ባጭሩ። ካሴቱን እዩ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ኮሜንታተሩ ያየላችሁን ሳይሆን ራሳችሁ ያያችሁትን እንድታወሩ። ሃይላይት ብቻ አይታችሁ አትምጡ፣ ሃይላይት ላይ ሁሉም ሰው ታይሰን ነው። ዳታ ውድ ስለሆነ አንዱ ማታ ያውርድና ለሌላው በብሉቱዝ ይላክ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ሪከርድ ስትጠቅሱ ከቁጥሩ ጋር "ማንን፣ በስንት ዓመቱ" ጨምሩ።

ኮምፒውተርና ኤአይ ጠይቄ መጣሁ ሚል ካለ ይሄን ተረኩለት፦ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ የሬዲዮ ሰው በኮምፒውተር የዘመናት ቻምፒዮኖችን አጋጥሞ አሊ ተሸነፈ ተባለ፣ አሊ ተናዶ ከሰሰ፣ በስምምነት አለቀና በ1969 አሊና ማርሲያኖ ራሳቸው ሪንግ ገብተው ሁሉንም ዓይነት አጨራረስ እየተወኑ ተቀረጹ። ማርሲያኖ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ፣ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ነው የገባው። ኦገስት ላይ ግን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 አሜሪካ ላይ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሸነፈ። አሁንም 13ኛው! ለኔ ማኪያቶ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አልተቀበሉኝም።

9. ፍርዱን ጻፉ

ያልተከራከሩ ሦስት ሰዎች ዳኛ ይሁኑ፣ ለየብቻ ወረቀት ይሰጣቸው፣ ዙሩን 10 ለ 9፣ የወደቀ ካለ 10 ለ 8 እያሉ ይሙሉ፣ ሳይተያዩ። ገንዘብ አታስይዙ፣ ሻይ ቡና ይበቃል፣ ብር ሲገባ ሰው ያላየውን አየሁ ማለት ይጀምራል። መሃል ላይ ቀረርቶና ፉከራ ከተነሳ፣ ጎንደር ነው መነሳቱ አይቀርም፣ አታስቁሙት፣ ይጨርስ፣ ነጥብ ግን አይያዝለትም።

ውሳኔው ደብተር ላይ ይግባ፣ ቀን፣ ሁለቱ ስም ከነ ቀናቸው፣ ዙር፣ ዳኛ፣ ውጤት። የኛ ደብተር ሻይ ቤቷ ባንኮኒ ሥር ነው ሚቀመጠው፣ እትዬ ከዱቤ መዝገባቸው ጋር አንድ ላይ አስረውታል፣ ገጽ ሲያልቅባቸው የኛ ላይ ሰው የወሰደውን ዳቦ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ሂርንስና ዱራን መሃል አራት ዳቦ አለ። ሌላው ሁሉ በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ የአሊና የታይሰን ገጽ ግን ሦስት ጊዜ ስለተሰረዘ አራተኛውን በእርሳስ ጽፈነዋል።